የአማቴ መወጣጫ ግንድና የጠፋው ገጽ ሰባት

በዳንግላ ከተማ ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ሰው ምሁር ነው ብላችሁ ታምናላችሁ? እኔ አምኜ ነበር። ማንም ሳያስተምረኝ፣ ማንም ሳይመርቀኝ፣ በገዛ ሥልጣኔ አምኜ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሰው ማስታወሻ፣ የሰው መመረቂያ ጽሑፍና የሰው የፍርድ ቤት አቤቱታ በእጄ ሲያልፍ፣ እውቀቱ በጣቶቼ በኩል ሽቅብ ወደ ጭንቅላቴ የሚወጣ ይመስለኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር ማሽኔ ከእኔ ትሻላለች። እሷ ቢያንስ እያንዳንዱን ገጽ መብራት አብርታ ታየዋለች።

ይህን የማወራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም። ማዘን የፈለገ ለጀርባዬ ይዘን። የጀርባዬን ጉዳይ ቆይቼ እደርስበታለሁ፤ መጀመሪያ ስለ አማቴ፣ ከዚያ ስለ ትል ላውራችሁ። ምሳ ላይ ያላችሁ ጨርሳችሁ ተመለሱ።

ባለቤቴ ብርቄ ከእንጅባራ ወጣ ብሎ ካለ መንደር ናት። አባቷ አያ ጥሩነህ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ፈረሰኛ ናቸው። ሰው ወዳድ የሚሆኑት ፈረስ ላይ ሲቀመጡ ብቻ ነው። መሬት ላይ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ወገባቸውን ያማቸዋል፣ አማቻቸውም ያማቸዋል። ዳማው ፈረሳቸው ላይ ሲወጡ ግን ሠላሳ ዓመት ይቀንሳሉ፤ እኔን እንኳ በስሜ ይጠሩኛል።

ችግሩ መውጣቱ ነው። ጉልበታቸው ከከዳቸው ወዲህ እርካብ ረግጠው ከመሬት መነሣት አይችሉም። ስለዚህ በራቸው ላይ የወደቀ አንድ አሮጌ የዋንዛ ግንድ አለ፤ ከዚያ ላይ ይቆማሉ፣ ዳማው ማንም ሳይጎትተው መጥቶ በጎኑ ይጠጋል፣ እሳቸውም እግራቸውን ወርወር አድርገው ይቀመጣሉ። ወንበር አይሆንም፤ ተሞክሯል። ድንጋይም አይሆንም። ፈረሱ ከግንዱ በቀር ለሌላ ነገር ጎኑን አይሰጥም።

በጥር ጊዮርጊስ የመንደሩ ፈረሰኞች ተሰብስበው ወደ ሜዳው ሲወርዱ ከፊት የሚሄዱት አያ ጥሩነህ ናቸው። ነገር ግን ሰው አንሥቶ ፈረስ ላይ ያስቀመጠው ፈረሰኛ ከፊት አይሄድም፤ ቦታውን ለቀጣዩ ይለቃል። ይህ የተጻፈ ሕግ አይደለም፤ ፎቶ ኮፒም ተደርጎ አያውቅም፤ ግን ሁሉም ያውቀዋል። ቀጣዩ አያ በላይ የሚባሉ ጎረቤት ናቸው። ስድሳ ያልሞላቸው፣ ጉልበታቸው የማያማቸው፣ ዘወትር የአማቴን ጤና አብዝተው የሚጠይቁ ሰው ናቸው። ይህ እንግዲህ የግንዱ ክብር ነው። እኔ የነካሁት ይህን ግንድ ነው።

በኅዳር ወር ልንጠይቃቸው ሄደን ሳለ የከተማ ሱሪዬ አፈር እንዳይነካው ብዬ ግንዱ ላይ ተቀመጥሁ። ልጡ ከሥሬ ሸርተት አለና እጄ ወደ ውስጥ ገባ። ውስጡ በስብሶ እንደ እርጥብ ዳቦ ሆኗል። ከውስጡ አውራ ጣት የሚያህሉ፣ ነጭ፣ የወፈሩ፣ ራሳቸው ቡናማ የሆነ ትሎች ተጠቅልለው ተኝተዋል። የጮህሁትን ጩኸት እዚህ አልጽፈውም። ጎረቤት ሁሉ እንደ ሰማው ግን አልደብቅም።

ቤተሰቡ ወጣ። አያ ጥሩነህ ወጡ፤ ባለቤታቸው እማማ ትሁን ወጡ፤ የብርቄ ወንድም ዘመነም ወጣ። ዘመነ አዲስ ቅዳም ከተማ ከሰል የሚነግድ፣ የቆመ ዛፍ ሲያይ ጭሱ የሚታየው ሰው ነው። እኔም ጩኸቴን ለማስረሳት ድምፄን አወፈርሁና፣

“ማንም እንዳይነካ! ይህ እጭ ይባላል። የምን እጭ እንደ ሆነ መለየት አለበት” አልሁ።

እማማ ትሁን ጎንበስ ብለው አዩ። ከዚያ በአዊኛ አንድ ነገር አሉ፤ ሁሉም በሳቅ ፈነዱ። አያ ጥሩነህ እንኳ፣ መሬት ላይ ቆመው ሳለ፣ ሳቁ። እኔ አዊኛ አልችልም። ከዚህ ቤት ሴት ልጅ ጋር አሥራ ሁለት ዓመት ስኖር ሰላምታ ከመስጠት አላለፍሁም። ምን አሉ ብዬ መጠየቅ እችል ነበር። ግን ምሁር በአንዲት ባልቴት ቀልድ ሥራውን ያቋርጣል? አልጠየቅሁም። አራት ትሎች ከነብስባሽ እንጨቱ በማርማላታ ጠርሙስ ከትቼ ወደ ዳንግላ ተመለስሁ። ሚኒባሱ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጡ ሴት ጠርሙሱን ሲያዩ የቅቤ ቅላቸውን አንሥተው ከኋላ ወንበር ሄዱ።

ጠርሙሱን ከማሽኔ አጠገብ አስቀመጥሁት። ወገኖቼ፣ ሰው ስለማያውቀው ነገር ዝም የሚልበት ከተማ ካለ አድራሻውን ላኩልኝ፤ እዚያ ሄጄ ልኖር እፈልጋለሁ። ከፊት ለፊቴ ያለው ልብስ ሰፊ አንድ ጊዜ አይቶ “ብል ነው፤ ሱፍ ይበላል” አለ። ማመልከቻ ሊያባዛ የመጣ ዲያቆን ራቅ ብሎ ቆመና “የማያንቀላፋው ትል” አለ፤ ትሉ ግን ከመጣ ጀምሮ ከማንቀላፋት በቀር የሠራው ሥራ የለም። በስልኬ ፎቶ አንሥቼ ነፍሳት ይለያል ለተባለ መተግበሪያ ሰጠሁት። ኔትወርኩ ሄዶ እስኪመለስ አንድ ሰዓት ፈጀ። በመጨረሻ የባሕር እንስሳ መሆኑን ነገረኝና በነጭ ሽንኩርት ሲጠበስ እንደሚጣፍጥ ጨመረልኝ።

ከሁሉም የከፋው ጋሪ ነጂው አያሌው ነበር። ጠርሙሱን አንሥቶ፣ ነቅነቅ አድርጎ፣ ምራቁን ዋጠና፣

“የፈረስ ሆድ ትል ነው” አለኝ።

“እንጨት ውስጥ ነው ያገኘሁት።”

“መጀመሪያ እንጨት ውስጥ ያድራል። ፈረሱ ሲጠጋው ይገባበታል። በዓይኔ አይቻለሁ።”

“ሲገባ?”

“ሲገባስ አላየሁም። ሲሞት ነው ያየሁት፤ ፈረሱ።”

እንዲህ ያለ ማስረጃ ይዞ የሚናገር ሰው ፊት ምን ይባላል? እኔ ግን ከእነዚህ መሃይማን እለያለሁ ብዬ ወደ ሳይንስ ዞርሁ። እንዳለው የሚባል የስምንተኛ ክፍል የባዮሎጂ መምህር ወዳጄ ከሳምንት በፊት ለተማሪዎቹ ማስታወሻ አባዝቶ ነበር፤ አንድ ትርፍ ኮፒ እኔ ዘንድ ቀርቷል። እሱ ራሱ ለሥልጠና ባሕር ዳር ሄዷል። ማስታወሻው ውስጥ “በበሰበሰ እንጨት የሚገኙ እጮችን መለያ” የሚል ርእስ አገኘሁ። አያችሁ? ዓለም ለእኔ ስትል የጻፈችው መሰለኝ።

መለያው በጥያቄ የሚመራ ነው። እግር አለው ወይስ የለውም? ካለው ስንት ነው? አንዱን ትል አውጥቼ ቆጠርሁ፤ ከፊቱ በኩል ስድስት እግር። ቀጥሎ፣ አካሉ ቀጥ ያለ ነው ወይስ እንደ ማጭድ የታጠፈ? እርግጠኛ ለመሆን በማስመሪያ ላቃናው ሞከርሁ። ትሉ በምላሹ ማስታወሻው ላይ የሚያደርገውን አደረገ። የታጠፈ ነው ብዬ ወሰንሁ። “እንደ ማጭድ የታጠፈ ከሆነ ወደ ገጽ ሰባት ይሂዱ” ይላል። ሄድሁ። ከገጽ ስድስት ቀጥሎ ያለው ገጽ ስምንት ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን ገጹ የት ሄደ ብሎ ይጠይቅ ነበር። ያባዛሁት እኔ ነኝ፤ የደረደርሁት እኔ ነኝ፤ ስቴፕለር የመታሁት እኔ ነኝ። እኔ ግን መምህሩ ሰባትን የዘለለው የሚያውቀው ምክንያት ቢኖረው ነው አልሁና ገጽ ስምንትን ከላይ አነበብሁ። “እነዚህ እጮች የቤት ምሰሶና ማገር ውስጥ ለውስጥ ቦርቡረው ሳይታሰብ ቤት ይጥላሉ” ይላል። የአማቴ ቤት ከግንዱ ሃያ እርምጃ አይርቅም።

አሁን የምነግራችሁን ስትሰሙ መጽሐፉን አትወርውሩት። ትሉን ማሽኑ መስታወት ላይ አስተኛሁትና በእጥፍ አሳድጌ ኮፒ አደረግሁት። የወጣው ጠቁሮ፣ ገጹን ሞልቶ፣ ጥርስ ያለው የሚመስል አውሬ ነው። ከሥሩ “ቤት ጣይ እጭ” ብዬ ጻፍሁ። ከዚያ የሱቄን ማኅተም መታሁበት። በእኛ አገር ሰው ማኅተም ያለበትን ወረቀት አይከራከርም፤ ማኅተሙ የማን እንደ ሆነ የሚያነብ ደግሞ እስካሁን አልገጠመኝም።

በሚቀጥለው እሑድ ወረቀቱን ይዤ መንደር ወጣሁ። ቤተሰቡን በር ላይ ሰብስቤ አነበብሁላቸው። ዘመነ ወረቀቱን ተቀብሎ ማኅተሙን በጣቱ ዳሰሰና “ይኼማ ሕጋዊ ነው” አለ። እማማ ትሁን ወረቀቱን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ወደ ጓዳ ገቡ።

አያ ጥሩነህ ግንዱ ላይ ተቀምጠው ነበር።

“እርግጠኛ ነህ?” አሉኝ።

“በሳይንስ ተረጋግጧል፣ አባባ። መቃጠል አለበት።”

“ጊዮርጊስ እኮ እየደረሰ ነው። በምን ልወጣ ነው?”

“የሲሚንቶ መወጣጫ አሠራልዎታለሁ። ባለ ሦስት ደረጃ። ለልጅ ልጅ የሚተርፍ።”

“ዳማው ሲሚንቶ አያውቅም።”

“ይለምዳል፣ አባባ። ዘመኑ ነው።”

ቤቱ ይወድቃል ስላቸው ቅንድባቸው እንኳ አልተነሣም፤ ወድቆም ያውቃል፣ መልሰው ሠርተውታል። እዚህ ላይ ነገሩን መተው እችል ነበር። ነገር ግን መሸነፍ አልወድም፤ በተለይ ትክክል ባልሆንሁበት ጉዳይ። የጋሪ ነጂውን ቃል አወጣሁ።

“ደግሞ ፈረስ ሆድ ውስጥም ይገባል የሚሉ አሉ።”

ሽማግሌው ወዲያው ተነሡ። ግንዱን በመዳፋቸው አንድ ጊዜ መታ መታ አደረጉትና “አቃጥሉት” ብለው ወደ ጋጣው ሄዱ።

ዘመነ ክብሪት ከኪሱ ሲያወጣ አላየሁትም፤ በእጁ ይዞት ሳይመጣ አልቀረም። የበሰበሰ እንጨት ከሰል እንደማይወጣው እያማረረ ለኮሰው። ግንዱ ሦስት ቀን ጨሰ። ሦስቱንም ቀን አያ ጥሩነህ በጓሮ በኩል ነበር የሚገቡትና የሚወጡት። እኔ ግን ሳይንስ ነው ብዬ አለፍሁት።

መወጣጫው ተሠራ። የተለሰነ፣ ማዕዘኑ የሚቆርጥ፣ ባለ ሦስት ደረጃ። ሲሚንቶው ሳይደርቅ “በአማች የተሠራ” ብዬ በምስማር ጻፍሁበት። ዳማውን አመጣነው። ፈረሱ መወጣጫውን አሸተተ፣ አፍንጫውን ነፋ፣ ጀርባውን ሰጠው። ሣር ጎዘጎዝንበት፤ ሣሩን በልቶ ጀርባውን ሰጠው። ጨው አሸንበት፤ ጨውን ልሶ፣ “በአማች” የሚለውን ጨምሮ ልሶ፣ ጀርባውን ሰጠው። በሕይወቴ ብዙ ንቀት አይቻለሁ፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መስኮት ፊት ቆሜ አውቃለሁ። እንደዚያ ፈረስ ግን የናቀኝ የለም።

ጊዮርጊስ አምስት ቀን ሲቀረው መምህር እንዳለው ሱቄ ገባ። ሰላምታ የለም።

“ገጽ ሰባት የት አለ?”

“የቱ ገጽ ሰባት?”

“ስለ እጭ የጻፍሁት! ፈተና ሰጠኋቸው። ከቤት ጣይ በቀር ሌላ እጭ የሚያውቅ ተማሪ የለም። አንድ ክፍል ሙሉ ቤት ጣይ ብሎ ጽፎልኛል!”

የማሽኑን የኋላ ክዳን ከፈትን። የገጽ ሰባት ዋናው ወረቀት አንድም ኮፒ ሳይወጣለት ወረቀት ሳቢው ሮለር ላይ እንደ አኮርዲዮን ተሸብሽቦ ተቀምጧል። ዘርግቼ አነበብሁት። “ነጭ፣ እንደ ማጭድ የታጠፈ፣ ራሱ ቡናማ፣ ስድስት እግር ያለው እጭ የጢንዚዛ ልጅ ነው። የሚበላው የበሰበሰ እንጨት ብቻ ነው። ቤትም ሆነ እንስሳ አይጎዳም፤ አፈርን ያለማል።”

“ምነው ፊትህ ነጣ?” አለኝ መምህሩ።

ጠርሙሱን አየሁት። አራቱ ትሎች ብስባሻቸውን እየበሉ ነበር፤ ማንንም ሳይጎዱ፣ አፈር እያለሙ።

ወረቀቱን ኪሴ ከትቼ የጊዮርጊስ ዋዜማ መንደር ወጣሁ። ልናገር አልሁ፤ እራት ቀረበ። እራት ሲነሣ ልናገር አልሁ፤ ሽማግሌው ኮርቻቸውን ሲወለውሉ አየኋቸውና ጨርቅ አንሥቼ አብሬ ወለወልሁ። የሚያመኝ የግንዱ መቃጠል ብቻ አልነበረም። ጠዋት በሁሉም ፊት ቦታቸውን ሊያጡ መሆኑን እሳቸው ያውቃሉ፤ እኔም አውቃለሁ፤ ሁለታችንም ስለ ኮርቻ እናወራለን።

ጠዋት ፈረሰኞቹ በሩ ላይ ተሰበሰቡ። አያ በላይ በተሸለመ ፈረሳቸው ላይ ተዝናንተው “ጤናዎስ?” ይላሉ። አያ ጥሩነህ ካባቸውን ደርበው ወጡ። ከሲሚንቶው ላይ ቆሙ። ዳማው ሸሸ። ደግመው ቆሙ፤ ዳማው ሸሸ። ሦስተኛውን ሊሞክሩ ሲሉ ጉልበታቸው ተንቀጠቀጠ፤ ዘመነ ሮጦ ከብብታቸው ያዛቸው።

“አታንሣኝ!” አሉ፤ እጁን መቱት።

አያ በላይ ልጓማቸውን ለቀቅ አድርገው በቀስታ ወደ ፊት ጠጋ አሉ። ያን ጊዜ ከየት እንደ መጣልኝ አላውቅም፤ ገጽ ሰባትን ከኪሴ አውጥቼ በሰው ሁሉ ፊት ከላይ እስከ ታች አነበብሁት። ማሽኔ እንደ በላችው፣ ማኅተሙ የሱቄ እንደ ሆነ፣ አውሬው ሁለት እጥፍ ያደገ ጢንዚዛ እንደ ሆነ ተናገርሁ። ፈረስ ላይ ያሉ ሰዎች ወደ ታች ሲያዩ የሚያዩትን አስተያየት ታውቁታላችሁ?

“ጨረስህ?” አሉኝ አያ ጥሩነህ።

“ጨረስሁ፣ አባባ። ይቅር ይበሉኝ።”

“እንግዲያው ና።” በዱላቸው ግንዱ የነበረበትን ጥቁር አመድ አሳዩኝ። “እዚህ ላይ ተንበርከክ። እጅህንም መሬት አድርገው።”

የበዓል ልብሴን እንደ ለበስሁ አመዱ ላይ በእጄና በጉልበቴ ሆንሁ። ዳማው መጣ። ማጅራቴን አሸተተ፣ አሰበ፣ ተጠጋኝና በጎኔ ቀጥ ብሎ ቆመ። የአያ ጥሩነህ ጫማ ወገቤ ላይ ሲያርፍ ዓይኔ ውስጥ ኮከብ ታየኝ። ከዚያ ክብደቱ ቀለለ። ቀና ስል ሽማግሌው ኮርቻቸው ላይ ናቸው፣ ሠላሳ ዓመት ቀንሰው።

“ሰው አላነሣኝም” አሉ ወደ ፈረሰኞቹ ዞረው። “ግንድ ረግጬ ነው የወጣሁት። የሚከራከር አለ?”

አያ በላይ ከላይ ሆነው እኔን ከራሴ እስከ እግሬ መረመሩኝ። ከመምህር እንዳለው መለያ የበለጠ ጊዜ ወሰደባቸው።

“የለም” አሉ በመጨረሻ። “ግንድ ነው።” ልጓማቸውንም ወደ ኋላ ሳቡ።

አያ ጥሩነህ ከፊት ሆነው ወረዱ። ሲያልፉ በስሜ ጠሩኝ።

ማታ ብርቄ ወገቤን በቅባት እያሸችኝ ሳለ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ልጠይቅ ብዬ፣

“ያን ቀን እናትሽ በአዊኛ ምን ነበር ያሉት?” አልኋት።

“ምን ያደርግልሃል?”

“ንገሪኝ።”

“‘ትሉስ ደኅና እንጨት አይነካም፤ ግንዱን ከአማቻችን ጠብቁት’ ነው ያለችው” አለችኝ፤ ማሸቷንም ጠበቅ አደረገችው።

ቀና ብዬ መቀመጥ ከቻልሁ ወዲህ የዋንዛ ግንድ ፍለጋ ላይ ነኝ። ከእንጅባራ እስከ ግምጃ ቤት ከተማ ያልጠየቅሁት ሰው የለም። ቢበሰብስም ግድ የለኝም፤ ትል ቢሞላውም ዘወር ብዬ አላየውም። ባለፈው አንድ ጥሩ አገኘሁና ለአያ ጥሩነህ ደወልሁላቸው፤ ለመጪው ጥር ላመጣልዎት ነው አልኋቸው።

“ተወው፤ አትልፋ” አሉኝ። “ዳማው አንተን ለምዷል።”